ያደገች ልጅን በወረርሽኝ ዘመን ማስታመም

ልጄ ሉፐስ እንዳለባት የታወቀው ወረርሽኙ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ ከእኔ ቤት ወጥታ መኖር ከጀመረች በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ እንዳወጣው የፈቀደችው እርሷ ናት፤ ረቂቁንም አንብባ መቅረት አለባቸው ያለቻቸውን ነገሮች ሰርዣለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ልጅ ሲታመም ሐኪሙ የሚያነጋግረው ወላጅን ነው፤ መድኃኒቱን የሚሰጠውም፣ ቀጠሮውን የሚይዘውም፣ እሺ ወይም እንቢ የሚለውም ወላጅ ነው። ልጅ አድጎ ሲታመም ግን ፍርሃቱ ያው የቀድሞው ሆኖ ሥልጣኑ የለም። ወረርሽኙ ሲገባ ይህ ነገር ይበልጥ ከበደ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ተዘግተን ስንቀመጥ የእርሷ ውሳኔ እኔን፣ የእኔም ውሳኔ እርሷን በቀጥታ የሚነካ ሆነ።

ሉፐስ የሰውነት በሽታን የመከላከል አቅም ተሳስቶ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ነው። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ኩላሊትን፣ የሳንባንና የልብን ሽፋን፣ ደምንም ሊነካ ይችላል። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በ15 እና በ44 ዓመት መካከል ነው፤ ሰው ሥራ በሚይዝበት፣ ጎጆ ለመውጣት በሚያስብበት፣ ከወላጁ እጅ በሚለይበት ዕድሜ ማለት ነው። የልጄን ኩላሊት ስለነካ ከሃይድሮክሲክሎሮኪን በተጨማሪ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድና ማይኮፌኖሌት የተባለውን መድኃኒት ትወስድ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የመከላከል አቅምን ዝቅ በማድረግ ኩላሊቷን ያተርፋሉ፤ በዚያው ልክ ለተላላፊ በሽታ ያጋልጧታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን የገለጸው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። ልጄም በዚያው ሰሞን ጓዟን ይዛ ወደ እኔ መጣች። በየዕለቱ የሟቾች ቁጥር ሲነገር አብዛኞቹ ተጓዳኝ ሕመም የነበረባቸው መሆናቸው አብሮ ይነገር ነበር፤ ይህም ለጤነኛው አድማጭ እንደ ማጽናኛ የሚቀርብ ነበር። እርሷ ከጎኔ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ፊቷን ቀና ብሎ ማየት ይከብደኝ ነበር። መረጃው መነገሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛውም ከአድማጮቹ አንዱ መሆኑን አስቦ መናገር ይቻል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ንግግሩን የጀመረችው እርሷ ናት። «እማዬ፣ አትጨነቂ አልልሽም፤ ከሐኪሜ ጋር የምነጋገረው ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። ከዚያም የሙቀቷ መጠን ምን ያህል ሲደርስ ለሐኪም እንደምንደውል፣ የትኛው ምልክት ሲታይ ሳንደውል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንደምንሄድ፣ መናገር ቢያቅታት በእርሷ ፈንታ ማን እንደሚናገርና ምን እንዲል እንደምትፈልግ በወረቀት ላይ አሰፈርን። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ነበር። የመተንፈሻ መሣሪያ ቢያስፈልግ እስከ ምን ድረስ እንዲሞከርላት እንደምትሻ ልጅ ስትናገር መስማት ለእናት ጆሮ የሚወደድ ነገር አይደለም። ሆኖም በደኅና ቀን ያልተጠየቀ ሰው በጭንቅ ሰዓት እንዲመልስ መጠበቅ አይቻልምና፣ የምትለውን ሁሉ ሳላቋርጥ አዳመጥኩ። የመድኃኒቶቿን ስምና መጠን፣ የሐኪሟን ስልክ፣ የማይስማማትን መድኃኒት የያዘ ሌላ ወረቀት ደግሞ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተን አንዱን በቦርሳዋ፣ ሌላውን በእኔ ዘንድ አኖርን። በእኔ ግምት በእነዚያ ዓመታት ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም የጠቀመን ይህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ያልጠበቅነው ችግር መጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ከሆነው ከክሎሮኪን ጋር የሚዛመድና የሉፐስ ሕሙማን ለዐሥርተ ዓመታት ሲወስዱት የኖሩት መድኃኒት ነው። በቤተ ሙከራ ቫይረሱን የሚገታ መስሎ በመታየቱ ለኮቪድ ፍቱን ነው የሚል ወሬ ተዛመተ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2020 ሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ ሕሙማን እንዲሰጥ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አወጣ። ሰዎች እየገዙ ማከማቸት ጀመሩ፤ መድኃኒቱም ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እጅ ራቀ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የካናዳ ጥናት መድኃኒቱን ያቋረጡ የሉፐስ ሕሙማን ሕመማቸው የመቀስቀስ ዕድሉ በ2.5 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ስለዚህ ለእኛ የመድኃኒቱ መጥፋት የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ልጄ ለሐኪሟ ደውላ ስትጠይቅ፣ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ እንደሆነ፣ ግማሹ ለመውጣት እንኳ 40 ቀን ገደማ እንደሚወስድ አስረዳቻት፤ ያላትንም ክኒን እንዴት አድርጋ ማዳረስ እንዳለባት አብረው ወሰኑ። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ በየፋርማሲው እየደወሉ መጠየቅ ነበር። ይህን ሥራ ወደድኩት፤ እጄን ሥራ የሚያስይዝ፣ የእርሷን ውሳኔ ግን የማይነካ ነበርና። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2020 ተሰረዘ፤ በእንግሊዝ የተካሄደው ሰፊ ጥናትም መድኃኒቱ ለኮቪድ ሕሙማን እንዳልጠቀመ በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ገልጾ ነበር። በመሐሉ የተጨነቁትን ሕሙማን ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ዘመድ ወዳጅም በስልክ ምክር ያዘንብ ነበር። አንዱ ስቴሮይዱ አቅም ስለሚያዳክም ታቁመው ይላል። ሌላው ደግሞ ዴክሳሜታሶን የተባለው ሌላ ስቴሮይድ የኮቪድ ሕሙማንን ሕይወት እንደሚታደግ ከተሰማ በኋላ፣ ስቴሮይድ የምትወስድ ሰው ምን ያስፈራታል ይላል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱም አደገኛ ነበሩ። ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎቹ የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚቀንሱ በድንገት ማቆም ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላል። የዴክሳሜታሶን ጥቅም የታየውም ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ጽኑ ሕሙማን ነበር እንጂ ገና ላልተያዘ ሰው መከላከያ ሆኖ አይደለም። እኔ የደዋዮቹን ምክር ተቀብዬ አመሰግናለሁ፤ ወደ እርሷ ግን አላሻግረውም። አስታማሚ ከሚሸከማቸው ነገሮች አንዱ የሌሎችን ፍርሃት ከሕመምተኛው ማራቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሁለቱ ሕመሞች የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነበር። ትኩሳት፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሲተነፍሱ ደረትን መውጋት፤ እነዚህ ሁሉ ሉፐስ ሲቀሰቀስ የሚታዩ ናቸው፤ ኮቪድም ሲይዝ ይታያሉ። በዚያ ላይ ስቴሮይድ ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል የሙቀት መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ማሳየቱ ብቻውን ዕረፍት አይሰጥም። በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ገዝተን ነበር፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ95 እስከ 100 በመቶ ያሳያል። የእርሷ ጣቶች ግን ሬይኖድ በሚባለው፣ ከሉፐስ ጋር አብሮ በሚመጣው የደም ሥር መጥበብ የተነሣ ቀዝቅዘው ይነጣሉ፤ በቀዘቀዘ ጣት ላይ መሣሪያው ትክክለኛውን ቁጥር አያነብም። ስለዚህ አስቀድሞ እጇን ማሞቅ፣ የጥፍር ቀለም ካለም ማስለቀቅ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ መሣሪያው በጥቁሮች ላይ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ የማሳየት ዕድሉ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ የበለጠ እንደሆነ አሳየ። ይህን ካነበብን በኋላ ከአንድ ቁጥር ይልቅ የቁጥሩን አካሄድና የአተነፋፈሷን ሁኔታ መከታተል ጀመርን። ደረጃ ስትወጣ ትቆማለች ወይ? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጥ ትጨርሳለች ወይ?

አንድ ምሽት ትኩሳቷ በወረቀቱ ላይ ካሰፈርነው መጠን አለፈ፤ ጎኗንም ይወጋት ጀመር። በደኅና ቀን ተነጋግረን ስለነበር ክርክር አልነበረም። እርሷ ደወለች፣ እኔ ቦርሳውን አዘጋጀሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ አስታማሚ እንደማይገባ ተነገረን፤ ደንቡ የወጣው ሰውን ለመጠበቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጅን በር ላይ አስረክቦ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ቦርሳው ውስጥ የስልክ ቻርጀር፣ የመድኃኒት ዝርዝሩና የራሷ መድኃኒቶች ነበሩ። ለተረኛዋ ነርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለእርሷ በሚመቻት ሰዓት፣ ከልጄ ፈቃድ ጋር እንድትደውልልኝ። ነርሷ ቃሏን ጠበቀች። የኮቪድ ምርመራው ነፃ ሆነ፤ ሕመሙ ሉፐሱ የሳንባዋን ሽፋን አስቆጥቶ ያመጣው ነበር። ስቴሮይዱ ተጨምሮላት ተሻላት። ከኮቪድ ነፃ ናት ሲሉኝ የተሰማኝን ደስታ እርሷ አልተጋራችውም፤ ለእርሷ ሕመሟ ተቀስቅሷልና። ያን ጊዜ የእኔና የእርሷ ጭንቀት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ በግልጽ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ውጤት ሲመጣ ከእኔ ስሜት በፊት የእርሷን እጠይቃለሁ።

ከቤት አለመውጣቱ የራሱን ጉዳት አመጣ። ልጄ በሽታውን እየፈራች በዚያው ልክ የሕይወቷ ምርጥ ዓመታት በእናቷ ቤት መስኮት ሥር እያለፉ መሆኑን ታስብ ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት ጓደኛዋን ደጅ ላይ፣ ጭምብል አድርገው፣ ተራርቀው ለመገናኘት እንደወሰነች ነገረችኝ። ሐኪሟንም አማክራ ነበር። ልቤ እንቢ በያት አለኝ። አፌ ግን መቼ እንደምትሄድ ብቻ ጠየቀ። ዛሬ ሆኜ ሳስበው የመከላከል አቅሟ የደከመ ሰው ከሰው ተለይቶ መኖሩ ለጊዜው ግድ ቢሆንም፣ ልኩን የሚወስነው ሰው ራሱ ሕመምተኛው መሆን አለበት። አብሮት የሚኖር ሰው ግን በራሱ በኩል ጥንቃቄውን ማጥበቅ ይችላል፤ እኔም ያደረግኩት ይህንን ነው፤ የእርሷን መውጣት ከመቁጠር ይልቅ የራሴን ቀነስኩ።

ክትባቱ ሲመጣ ተስፋው ለሁሉም እኩል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 አካል በንቅለ ተከላ ባገኙ ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ በ17 በመቶው ብቻ፣ ከሁለተኛው በኋላም በ54 በመቶው ብቻ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱን አመለከተ፤ ከእነርሱም ማይኮፌኖሌትን የመሰለ መድኃኒት የሚወስዱት የባሰ ነበሩ። ልጄ ንቅለ ተከላ ባይደረግላትም መድኃኒቱ ያው ስለሆነ ነገሩ ይመለከታት ነበር። በክትባቱ ሰሞን መድኃኒቱን ለጥቂት ቀናት ማቋረጥ ክትባቱን ሊረዳው ይችላል፤ ኩላሊቷን ግን ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚመዝኑት እርሷና ሐኪሟ ነበሩ፤ ኩላሊቷ በዚያን ጊዜ ረግቶ ስለነበር ለአንድ ሳምንት ለማቆም ወሰኑ። ከዚያም ተጨማሪውን ክትባት ወሰደች። እኔ የእኔን ክትባት በተፈቀደልኝ ቀን ወሰድኩ፤ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች መከተባቸው ለእርሷም የሚጠቅም ነበርና፣ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ በአንድ ለምኜ አስከትቤያለሁ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቁ። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ጥንቃቄው ቀጥሏል። ልጄ ወደ ራሷ ቤት ተመልሳለች፤ ሰው በሚበዛበት ቦታ ዛሬም ጭምብል ታደርጋለች፤ የምርመራ ውጤቷንም ሳልጠይቃት፣ ስትፈልግ ትነግረኛለች። ያ በሁለት ቅጂ ያዘጋጀነው ወረቀት አሁንም አለ። መድኃኒት ሲቀየር አዲሱን ትልክልኛለች፤ እኔም የድሮውን አውጥቼ አዲሱን እተካለሁ።