«ካናዳ ሊወስዱብኝ ነው!»

አውሮፕላን በስልክ መከታተል እንደሚቻል ለአክስቴ የነገራትን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ልጇ ከዋሽንግተን የተነሳ ማታ ደወለችልኝ። «ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ቶሎ ና።»

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤቷ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጧል፣ ሐጂ ጥግ ይዘው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ስልኩን ከፈትኩት። አክስቴ አንዴ አየችና ጮኸች።

«ወደ ላይ ነው እኮ የምትሄደው! ካናዳ ሊወስዱብኝ ነው!»

እውነትም አውሮፕላኗ በካናዳ ጠረፍ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች። ኢትዮጵያ ያለችው ደግሞ ወደ ታች ነው። ሐጂ «ሹፌሩ መንገድ ስቷል» ብለው ፈረዱ።

ማስረዳት ያዝኩ። መሬት ክብ ናት፣ ካርታው ግን ጠፍጣፋ ነው። በዚህ በጎበጠው መስመር አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታው ላይ በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ያሰመሩትን ቢከተል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከደሴ አዲስ አበባ እንኳ 400 ነው! «አጭሩ መንገድ ጠማማው ነው» አልኩ። ማን ይመነኝ።

ክብ ነገር ፈለግኩ። ከጀበናው ሆድ የተሻለ አልታየኝም። ክር አምጥቼ አንዱን ጫፍ «ይሄ ዋሽንግተን» ብዬ ያዝኩ፣ ሌላውን ወደ አዲስ አበባ ስወጥረው አትላንቲክ ጣቴን ጠበሰኝ። ጀበናው ከማቶቱ ተንሸራተተ። አቦሉ ግማሹ ቄጠማው ላይ፣ ግማሹ የሐጂ ካልሲ ላይ።

«ያ ረቢ!»

«ቡናው ተደፋ! ገዱ አላማረኝም» አለች አክስቴ።

ዱዓ ተጀመረ። ሐጂ በእርጥብ ካልሲ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ከጎናቸው ያሉት እትዬ ደግሞ ማርያምን ይጠራሉ። መቼም ወሎ ነው፣ ልጁ በሁለቱም በኩል ተጠብቋል። እኔ ጣቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ «አሁንስ የት ደረሰ?» ለሚለኝ ሁሉ እመልሳለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አውሮፕላኗ ስፔን ላይ ስትታይ ያልተኛው ሁሉ እልል አለ።

ጠዋት ቦሌ ገባ፤ 13 ሰዓት ያህል የትም ሳያርፍ። ሲሄድማ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት አርፎ ነበር። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ያን ሁሉ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል። ከዚያ በትንሿ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ወረደ። ሽክ ብሏል፣ ድካም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መሃል ላይ ሐረጎ የሚባል ዳገት አለ። በዚያች አጭር መንገድ እየተጠማዘዙ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ገና ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ ገረጣ። ቀጥሎ «ፌስታል አለ?» አለ። አትላንቲክን ውልፍት ሳይል ያቋረጠው ሰውዬ!

ሲቀለው አፉን እየጠረገ ተማረረ። «ይሄን መንገድ ቀጥ አድርገው አይሠሩትም እንዴ?»

አክስቴ ከጋቢና ዞር አለች።

«ባታውቅ ነው ልጄ። አጭሩ መንገድ ጠማማው ነው። በጀበና አስረድተውናል።»