የሴኮያ ፊደልና የውሃ ሸረሪቷ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ስለሆኑት ስለ ቼሮኪዎች ነው። ስማቸው ሲነሳ ቶሎ የሚወራው መፈናቀላቸው ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ነው።

ሴኮያ የሚባል ብር አንጥረኛ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ነጮቹ በወረቀት ሲነጋገሩ አይቶ፣ የእኛስ ቋንቋ ለምን አይጻፍም ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምልክት ሊያበጅ ሞከረ። ማለቂያ የለውም። ከዚያ ቃሉን ትቶ ድምፁን ማዳመጥ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1821 ገደማ 86 ምልክቶች ይዞ ብቅ አለ። ልክ እንደ እኛ ፊደል አብዛኞቹ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዘዋል። የእነሱ «ሀ» እና «ሁ» ግን በመልክ አይዛመዱም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ነው። ቀድማ የተማረችው ትንሿ ልጁ አዮካ ነች። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፊደሉ በሕዝቡ መሃል ተዛመተ፤ በ1828 በዋና ከተማቸው በኒው ኢቾታ «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለው ጋዜጣቸው በሁለት ቋንቋ መታተም ጀመረ።

ይህን ካወቁ በኋላ 1838ን ማንበብ ያማል። ሕገ መንግሥት ነበራቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1832 የጆርጂያ ግዛት ሕግ በምድራቸው አይሠራም ብሎ ፈርዶላቸዋል። ሆኖም ጥቂቶች በ1835 የፈረሙት፣ ምድራቸውን አሳልፎ የሚሰጥ ውል የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለጥቂት አግኝቶ በአሜሪካ ሴኔት አለፈ። ወታደር መጣ። ወደ ምዕራብ ከተነዱት 16,000 ገደማ ሰዎች 4,000 ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። አንድ ነገር መዝለል አልፈልግም፤ ከሀብታሞቹ ቼሮኪዎች ጋር ጥቁር ባሪያዎቻቸውም በዚያ መንገድ ተጉዘዋል። የእነሱም እንባ እዚያው መንገድ ላይ ፈስሷል።

ከተረቶቻቸው ደጋግሜ ያነበብኩት የእሳቱን ነው። ዓለም ቀዝቃዛ ነበር። እሳት ያለው ደሴት ላይ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ ዛፍ ሥር ብቻ። ቁራ ሄደ፤ ላባው ከስሎ ጠቁሮ ተመለሰ። ጉጉቶች ሄዱ፤ ጭሱ ዓይናቸውን ለበለባቸው። እባቦችም ጠቁረው መጡ። በመጨረሻ የውሃ ሸረሪት «እኔ ልሂድ» አለች። በምን ልትሸከመው ነው? ከራሷ ክር ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ፈትላ ጀርባዋ ላይ አሰረች። አንዲት ፍም ከታ ውሃውን ተሻገረች። ጉልበተኞቹ ሁሉ ያልቻሉትን እሷ ቻለች። ይህን ተረት በጣም ነው የወደድኩት።

ብዙዎቹን ተረቶች ለአሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ለጄምስ ሙኒ የነገረው አዩኒኒ የተባለ መድኃኒት አዋቂ ነው። ሳይነዱ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ከቀሩት ወገን ነው፤ እንግሊዝኛም አይናገርም። ጸሎቱን፣ ዜማውንና የመድኃኒት አዘገጃጀቱን በሴኮያ ፊደል የጻፈበት የራሱ መጽሐፍ ነበረው፤ ልክ እንደ እኛ ደብተራ። መጽሐፉን ሙኒ ወሰደው። አሳልፎ ሲሰጥ ግን ባዶ ደብተር ተቀብሎ፣ ሁሉንም በእጁ ገልብጦ ለራሱ አስቀርቷል።