ከካሽ ማሽኑ በስተጀርባ ያለው መዝገብ

እኅቴ አራት ኪሎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አላት፤ እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ በየዓመቱ ሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራውን የማካሂድላት እኔ ነኝ። መዝገቡን ከደብተር ወደ ሶፍትዌር ካዛወርን በኋላ ባደረግነው የመጀመሪያ ቆጠራ፣ ሲስተሙ የኤ4 ወረቀት ክምችታችን ከዜሮ በታች 84 ደስጣ እንደሆነ አሳየን። መደርደሪያው በእርግጥ ባዶ ነበር፤ ከባዶ በታች ግን ሊሆን አይችልም።

ነገሩ የመለኪያ ጉዳይ ነበር። አንድ ካርቶን 5 ደስጣ ይይዛል፤ ዕቃ ተቀባዩ ልጅ በዓመቱ ውስጥ የገቡትን 21 ካርቶኖች 21 ብሎ መዘገበ፣ ሽያጩ ግን በደስጣ ስለሚቆረጥ 105 ወጪ ሆነ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ሲስተሙ ካርቶኑን ወደ ደስጣ እንዲመነዝር አስቀድሜ ማሰናዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከቁጥሩ የከፋው ዋጋው ነው፤ የካርቶኑ የግዢ ዋጋ ለአንድ ደስጣ ተይዞ ስለነበር፣ በብዛት የሚሸጥላት ዕቃ ለወራት በኪሳራ ተርታ ተቀምጦ፣ እኅቴ ወረቀት መነገዱን ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌር ሻጮች ባርኮዱንና ባለ ቀለም ሰንጠረዡን ሲያሳዩኝ፣ እኔ በቅድሚያ የምጠይቀው የዕቃ መቀበያ ገጹን ነው። በዚህ ረገድ በሞዴል 19 (በዕቃ መቀበያ ቅጽ) ካልተቀበሉ ዕቃ የማያስገቡት፣ በሞዴል 22 (በዕቃ ማውጫ ቅጽ) ካልሆነ የማያስወጡት የመንግሥት ንብረት ክፍል ሰዎች ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። የሽያጩ ወገን ቀላል ነው፤ ማታ ማታ የካሽ ማሽኑን ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የዕለቱን ሽያጭ ማጠቃለያ፣ ከሲስተሙ ድምር ጋር ማስተያየት፣ የቴሌብሩንና የባንኩን ገቢ ለየብቻ ማስታረቅ ይበቃል።

ያልተፈታልኝ የአማካይ ዋጋ ነገር ነው፤ ሲስተሙ የዕቃውን ወጪ የሚይዘው ቀደም ሲል በተገዛባቸው ዋጋዎች አማካይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ በ400 ብር የገባ ዕቃ በ520 ብር ቢሸጥ ሲስተሙ 120 ብር ትርፍ ይላል፤ ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት 600 ብር የሚጠየቅ ከሆነ ግን፣ ትርፍ የተባለው ብር ከነዋናው ተደምሮ እንኳ ዕቃውን አይተካም። ሲስተሙ አልተሳሳተም፤ የሒሳብ ደንቡም እንደዚያ ነው፣ ግብሩም የሚሰላው በመዝገቡ ትርፍ ላይ ነው። የመሸጫ ዋጋን በዚያ ሪፖርት ብቻ የሚተምን ነጋዴ ግን መደርደሪያው ቀስ በቀስ ሲሳሳበት ምክንያቱ አይገባውም።

ስለዚህ እኅቴ ሰኞ ሰኞ መርካቶ ደውላ የምታጣራውን የመተኪያ ዋጋ በኤክሴል ለብቻው እይዝላታለሁ። የምንጠቀምበት ሲስተም ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለውም፤ ሻጩን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያሳየኝ አዲሱን ሰንጠረዥ ነው።