ቅርጹን ስንረከብ

መሥሪያ ቤታችን ከቃሊቲ አልፎ፣ ገላን አካባቢ ነው። ግቢውን በአንድ በኩል መጋዘን፣ በሌላው በኩል የቀረች የጤፍ ማሳ ያዋስኑታል። አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ አለቆች “በር ላይ አንድ ዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ይቁም” አሉ። ጨረታ ወጣ፣ ተሠራ፣ በክሬን መጥቶ ተተከለ። ከዚያ እንደ ደንቡ የርክክብ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔንም ድሮ ሥዕል እሞካክር እንደነበር የሚያውቅ ሰው ጠቁሞ አስገባኝ።

ዕቃ መረከብ ለምዶብናል። ጄኔሬተር ከሆነ አስነስተህ ታዳምጣለህ። ወንበር ከሆነ ቁጭ ብለህ ትሞክረዋለህ። ቅርጽን ግን ምኑን ፈትሸህ ትረከባለህ?

ሥራው ሁለት ወፍራም ላሜራ ነው። አንደኛው ከሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል፤ ሌላው ትከሻ ላይ ይቀራል። ትልቁ ወደ ትንሹ አጋድሏል፣ ግን አይነካውም። በመካከላቸው ቡጢ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ውጫቸው ዝጓል። እርስ በርስ የሚተያዩበት ገጽ ግን ተሞርዶ መስታወት ሆኗል። ርዕሱ “ጎረቤት” ይላል።

ኢንጂነራችን ገና ሲያየው ፈረደ። “ይሄ አላለቀም። ዝጓል፣ ዘሟል፣ ደግሞ አልተገጣጠመም። ክፍተቱ ይበየድና ቀለም ይቀባ።”

ሰብሳቢያችን በበኩላቸው ችኩል ነበሩ። “ትርጉሙን በአንድ መስመር ጻፉልኝ፣ ለምርቃቱ ባነር ያስፈልጋል” አሉ። ቀና ብለው አዩትና “ለመሆኑ ምኑ ነው ጎረቤት የሚመስለው?” ሲሉ ጨመሩ።

“ጋሼ፣ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ያውቁታል አይደል?” አልኳቸው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቆመው ነው። እንደዚያ በጠፍጣፋ የተጠረበ፣ ሁለመናው ማዕዘን የሆነ አንበሳ ጫካ ውስጥ የለም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ አልገጠመኝም። ክብደቱና ቀጥ ያለ አቋቋሙ ይበቃዋል። ሰብሳቢያችን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳልተዋጠላቸው ግን ያስታውቃል።

ነገሩን መስመር ያስያዘችው የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ሒሳብ ክፍል ያረጀች ሴት ናት፤ ደረሰኝ ሳታይ ቡና እንኳ አታወራርድም። “እኔ ቃለ ጉባኤ ላይ የማሰፍረው በጣታችሁ የምታሳዩኝን ብቻ ነው” አለች። እኔ በበኩሌ ስለ ቅርጻ ቅርጽ አተያይ ከዚህ የተሻለ መመሪያ ሰምቼ አላውቅም።

ከንብረት ክፍል የመጣው ልጅ ቀደመ። “ግልጽ ነው እኮ። ትልቁ ፋብሪካ ነው፣ ትንሹ ገበሬው። ሊውጠው ነው።”

“የቱ ጋ ነው የሚውጠው? አሳየኝ።”

ልጁ ጣቱን ወደ ትልቁ አነሣ፣ ወደ ትንሹ አወረደ፣ ከዚያ ኪሱ ከተተው።

መዞር ጀመርን። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁላችንም ከመኪና ማቆሚያው በኩል ብቻ ነበር ያየነው። ሥዕል ግድግዳው ላይ ሆኖ አንተን ይጠብቃል። ቅርጽ ካልዞርከው ግማሹ ያመልጥሃል። ጸሐፊያችን ክፍተቱ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። “ኑ እስቲ” አለች። በተሞረደው ገጽ፣ ትልቁ ውስጥ ትንሹ፣ ትንሹ ውስጥ ትልቁ ይታያል። ክፍተቱ ቢበየድ ይህ ሁሉ የለም ማለት ነው። የብየዳው ሐሳብ እዚያው ቀረ።

ኢንጂነሩ ግን የትልቁን ማጋደል አልለቀቀም። “ይሄ እንዴት አልወደቀም?” እያለ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ። ቁልፍ አውጥቶ የመሠረቱን ላሜራ ጠርዝ ጠርዙን እያንኳኳ ሄደ። ትልቁ የተበየደበት የመሠረት ላሜራ እዚያው አያልቅም፤ ወደ ፊት ተዘርግቶ ከትንሹ ሥር ይገባል። ያ ባይኖር ትልቁ በግንባሩ ይደፋ ነበር። “ቆይ፣ ቆይ” አለ ኢንጂነሩ፣ “ትልቁን ያቆመው እኮ ትንሹ ያለበት መሬት ነው።” ጸሐፊያችን እሱን ጻፈች። ከንብረት የመጣው ልጅም ፋብሪካና ገበሬውን አልተወም፤ መዋጡን ግን ተወው።

ዝገቱ ላይ የኢንጂነሩ ቅሬታ ግማሹ እውነት ነበር። ኮርተን የሚባለው የብረት ዓይነት ላዩ ላይ የሚይዘው ዝገት ውስጡን ይጠብቅለታል። የእኛ ግን ተራ ላሜራ ነው፤ ዝም ከተባለ ይበላል። ቀለም ይቀባ የሚለው ላይ ግን ተከራከርኩ። ቁሱ ራሱ ይናገራል። በወዳደቁ ዕቃዎች የሚሠራው አርቲስት ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ያሰባሰበውን የኮምፒውተር ቦርድና ሽቦ ቀለም ቀብቶ ቢደብቀው ኖሮ የሥራው ግማሽ ጉልበት ይጠፋ ነበር። እዚህም ዝጎ የተወው ውጭና ተሞርዶ የተወለወለው ውስጥ እየተያዩ ነው የሚሠሩት። ቀለም የማይለውጥ፣ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይቀባ ተባለና ተስማማን።

ቃለ ጉባኤው ላይ ቁሱ፣ ቁመቱ፣ ማጋደሉ፣ ክፍተቱና መሠረቱ ሰፈሩ። ትርጉም የሚለው ቦታ ላይ የሦስት ሰው አስተያየት ገባ፣ እያንዳንዱ ከሚያሳየው ቦታ ጋር። ሰብሳቢያችን “ይሄ ባነር ላይ አይገባም” ብለው ተበሳጩ፣ ግን ፈረሙ። የቀራፂው ክፍያ ወዲያው ተለቀቀ። ባነሩ ላይ ሕዝብ ግንኙነት “የዕድገታችን ምልክት” ብሎ አሳተመ። ቫርኒሹ እስካሁን ግዥ ክፍል ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ አልተሟላም ይላሉ።