የ500 ብር መያዣ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ጥቅምት ላይ አንዲት የሦስት ወር ቡችላ በራችን ላይ ጥለው ሄዱ። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ሱቅ ያላቸው አንድ ጋሼ «ሌሊት ትጠብቅልኛለች» ብለው ወሰዷት። ጥር ላይ፣ ስድስት ወር ሲሞላት፣ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ተስማማን። ለኦፕራሲዮኑ ሲያመጧት የሚመለስ 500 ብር መያዣ ተቀበልኩ፣ ቀኑን ካርዷ ላይ ጻፍኩ፣ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን መሳቢያ የከፈትኩት እስክሪብቶ ስፈልግ ብቻ ነው።

በግንቦት ልደታ ማግስት ጋሼ የፓስታ ካርቶን አቅፈው ገቡ። ውሻዋ አፍንጫዋን ወደ ካርቶኑ እያንጋጠጠች ከእግራቸው ሥር አልጠፋችም። ውስጡ፣ እርጥብ ጋዜጣ ላይ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሰባት ቡችሎች። የአንዱ እትብት ገና አልደረቀም።

«ትናንት ተገላገለች። እንግዲህ ተረከቡኝ፤ እኔ የወሰድኩት አንዲት ነው።»

«ጋሼ፣ ጥር ብለን አልነበር?»

«ጥር ላይማ ጥምቀት ነበር፣ ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ደግሞስ ማን ደወለልኝ? ብሩን እንደሆነ ተዉት።»

እውነት ነው፣ የደወለ የለም። 500 ብርም ሱቅ አዘግቶ የሚያስመጣ ገንዘብ አይደለም።

ዶክተሩ በጣቱ ቆጠረ፤ የውሻ እርግዝና 63 ቀን ያህል ነው፣ ስለዚህ ነገሩ የሆነው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ የካሊፎርኒያን ሕግ አነሣ። እዚያ ሕዝብ በሚበዛባቸው አውራጃዎች ያሉ መጠለያዎች ውሻም ሆነ ድመት ሳይመክን ለአሳዳጊ አይሰጡም፤ መያዣ የሚቀበሉት ሐኪም «ለጊዜው ቀዶ ሕክምና አይችልም» ብሎ ሲያረጋግጥ ነው፣ እሱም ከ40 እስከ 75 ዶላር።

«እነሱ ለበሽተኛ የተዉትን እኛ ለሁሉም አደረግነው» አለኝ። ስድስት ወር መጠበቁም የኛ ልማድ ነበር፤ ጤነኛ ቡችላ በስምንት ሳምንቷም ትችላለች፣ በሰመመኑ ጊዜ ግን ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሰባቱም ክሊኒኩ ውስጥ አደጉ (ጽዳት የምትሠራው እህታችን ይቅር ትበለን)። ሐምሌ ላይ አንዱም ሳይሰፋ ከበር አልወጣም። እናታቸውም ተራዋን አገኘች።

ጋሼ ሊወስዷት መጥተው የተላጨ ሆዷን ሲያዩ «በዚህ ክረምት?» ብለው ጋቢያቸውን አለበሷት። 500 ብሩን መለስኩላቸው። ቆጠሩና መቶዋን ነጥለው «ለልጆቿ» ብለው ሰጡኝ።