መናገሻ ሱባ፦ ከበሩ ጀርባ ያገኘናት

ከአየር ጤና በጠዋት ተነሳን። ሰበታ ላይ አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንች ገባን። ስለ መንገዱ ባላወራ ይሻላል። መናገሻ ሱባ ሲደርሱ ግን ድካሙ ይረሳል፤ የጽዱ ሽታ ብቻውን ይበቃል። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል።

እኔን ያቆመኝ ግን ዛፍ አይደለም። የጥበቃው ቤት በር ጀርባ መዳፌን የምታህል ሸረሪት ተለጥፋለች። ጓደኛዬ ጮኸች። ጥበቃው ሳቁ። «አይዟችሁ ልጆቼ፣ የሷ ሥራ በረሮ መልቀም ነው» አሉን።

ስልኬን አውጥቼ ተጠጋሁ። ሀንትስማን ከሚባሉት አዳኝ ሸረሪቶች ወገን ናት። መጀመሪያ የሚገርመው ጠፍጣፋነቷ ነው። ገላዋ ግራጫ ቢጤ ቡናማ ነው፤ አጫጭር ፀጉር አለው። እግሮቿ እንደ ሌሎቹ ሸረሪቶች ሽቅብ አልተቀሰሩም። ከሥራቸው ዞረው ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ ጫፋቸው ደግሞ ወደ ፊት ይጠመዘዛል። ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሹልክ የምትለው፣ ወደ ጎንም የምትሮጠው በዚህ ነው። ዓይኖቿ ስምንት ናቸው፤ አራት ከፊት፣ አራት ከኋላ ተደርድረዋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እሷን አይመለከትም። ማጥመጃ ድር አታደራም። አድፍጣ፣ ካልሆነም ሮጣ ነው የምትይዘው።

የዚህ ወገን ትልቁ ያለው ግን ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ላኦስ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ሄቴሮፖዳ ማክሲማ ይባላል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር የገር በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው። ወንዱ እግሩን ሲዘረጋ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የተማሪ ማስመሪያ ማለት ነው። ገላው ግን 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገሩ ሁሉ እግር ነው! መልኩ ቢጫ የቀላቀለ ቡናማ ሆኖ፣ እግሮቹ ላይ ሰፋፊ ጥቁር ቀለበቶች አሉት። በክብደት ከሆነ ጎልያድ ታራንቱላ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ሸረሪት ያስከነዳዋል። ለኔ ግን ቁንጅናው የዚህኛው ነው፤ ያኛው ዱልዱም ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስተርክላት ከመኪናው አልወረደችም። «ላኦስ ስትሄጂ ንገሪኝ» አለችኝ በመስኮት፣ «ቲኬትሽን እችላለሁ፤ ፎቶውን ብቻ እንዳትልኪልኝ።»