ጠርዝና ፊን፦ የሁለተኛው ወቅት የዌክቦርድ ማስታወሻዬ

ዌክቦርድ፣ ማለትም በጀልባ ገመድ እየተሳቡ ውኃ ላይ ቆመው የሚሄዱበትን ሰሌዳ፣ መንዳት ከጀመርኩ ይህ ሁለተኛ ወቅቴ ነው። በመጀመሪያው ወቅት ከውኃ መነሣትን፣ ቀጥ ብሎ መሄድንና የጀልባውን ሞገድ ተሻግሮ መመለስን ስለለመድኩ፣ ለዚህ ወቅት የያዝኩት ዕቅድ አንድ ብቻ ነበር፤ ቦርዱን ወደ ጠርዙ አጋድሎ ውኃውን እየቆረጡ መሄድን መማር። ፊኖቹን፣ ማለትም ከቦርዱ ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ የሚወጡትን፣ ልፍታቸው ወይስ እንደታሰሩ ይቆዩ የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ዕቅድ ለይቼ እንደ ተራ የዕቃ ምርጫ ነበር የማየው። አሥራ አራት ቀን ያህል ውኃ ላይ ከዋልኩ በኋላ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ስለገባኝ፣ እንደ እኔው በመማር ላይ ላላችሁ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የሆነውን በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ቦርዱ። የምነዳው ቦርድ 138 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከሥሩ በሁለቱም ጫፎች አካባቢ፣ በመሐል መስመር ላይ፣ በብሎን የሚታሰሩና ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ፊኖች አሉት። ከእነዚህ ሌላ በጠርዞቹ አጠገብ ከቦርዱ ጋር አብረው የተቀረጹ አራት ዝቅ ያሉ ፊኖች አሉ። የቀደሙት ቦርዶች የፊትና የኋላ ጫፋቸው የተለያየ፣ ፊናቸውም እንደ ሰርፍ ቦርድ ከኋላ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነውንና በየጫፉ ፊን ያለውን ቅርጽ ጂሚ ሬድመን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የትኛውንም እግር አስቀድሞ መንዳት የቀለለው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እኔ ገና አልቻልኩም እንጂ።

ግራ እግሬን አስቀድሜ ስለምነዳ ወደ ግራ የምቆርጠው በተረከዜ በኩል ባለው ጠርዝ፣ ወደ ቀኝ የምቆርጠው ደግሞ በጣቶቼ በኩል ባለው ነው። ገመዱ ከደረት በኩል ስለሚስብና ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ብቻ የሚበቃ ስለሚመስል የተረከዙ ይቀላል ይባላል። እኔም የቻልኩት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጀልባው ላይ የነበረ ጓደኛዬ የቀረጸውን ቪዲዮ ሳይ ግን፣ ወገቤ ታጥፎ፣ ክንዶቼ ተዘርግተው፣ መቀመጫዬ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ ከጉድጓድ ባልዲ የሚስብ ሰው መስዬ አገኘሁት። ሰውነት ከወገቡ ሲታጠፍ የገመዱ ጉልበት ትከሻና ክንድ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ጠርዙ አይወርድም፤ ስለዚህ እኔ ያጋደልኩት ይምሰለኝ እንጂ ቦርዱ የሚሄደው በሆዱ ነበር። መፍትሔው የገመዱን እጀታ ወደ ፊተኛው ዳሌ አስጠግቶ መያዝ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ዳሌን ወደ እጀታው መግፋትና ትከሻን ከጀልባው ማራቅ ነው። ይህን የለመድኩት መሬት ላይ ነው። እጀታውን ከምሰሶ ጋር አስሬ በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሙሉ ክብደቴን ገመዱ ላይ እየጣልኩ ስቆም፣ ክንዴ በተዘረጋ ቁጥር ገመዱ እንዴት ወደ ፊት እንደሚነቅለኝ፣ እጀታው ዳሌዬ ጋ ሲሆን ደግሞ ያው ገመድ እንዴት እንደሚሸከመኝ በደንብ ታወቀኝ።

ስድስተኛውን ቀን ያሳለፍኩት በጀልባ ሳይሆን በኬብል፣ ማለትም ከውኃው በላይ በተዘረጋ ተንቀሳቃሽ ሽቦ እየተሳብኩ ነው። በኬብል የሚነዱ ብዙዎች ውኃው ላይ በተቀመጡ መሰናክሎች ላይ ስለሚንሸራተቱ ፊን አያስሩም፤ ፊን መሰናክሉን ይጎዳል፣ ራሱም ይሰበራል። እኔ መሰናክል አጠገብ ባልደርስም ጥያቄው ሲከነክነኝ ስለቆየ ካቻቪቴ ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያ የፊተኛውን ፊን ብቻ ፈትቼ ገባሁ፤ አንዳችም ልዩነት አልተሰማኝም። የቦርዱ ጫፍ ወደ ላይ የቀና ስለሆነና ስንነዳ አፍንጫው ከፍ ስለሚል የፊተኛው ፊን ውኃውን እምብዛም አያገኘውም። በዚህ ተደፋፍሬ የኋላውንም ፈታሁት፤ አንዱን ዙር ሳላጋምስ ወደቅሁ።

አወዳደቁን በዝርዝር ልናገር፤ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነውና። ከተነሣሁ በኋላ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቦርዱን አስተኝቼ፣ እንደ ልማዴ ክብደቴን የኋላ እግሬ ላይ ጣልኩ። ጅራቱ ያለ ምንም ድንጋጤ፣ በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ልመልሰው ስታገል ቦርዱ በጎኑ ዞረ፣ የጣቶቼ ጠርዝ ውኃውን ነከሰ፣ እኔም በፊቴ ተደፋሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሙከራም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ልብ ያልኩት ነገር ግን ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ የወደቅሁት እየቆረጥኩ ሳለ ሳይሆን ላርፍ ስል ነው።

የመሐሉ ፊን አብዝቶ የሚሠራው ቦርዱ ተኝቶ ሲሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ጅራቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ቦርዱ ባጋደለ መጠን ግን የመሐሉ ፊን ከውኃው እየወጣ ይሄዳል፤ የሚይዙት ጠርዙ ራሱና አጠገቡ ያሉት ዝቅተኛ ፊኖች ይሆናሉ። እንግዲህ ያ ፊን አንድ ወቅት ሙሉ ሲረዳኝ የኖረው በጠርዝ በማልነዳበት ሰዓት ነበር ማለት ነው፤ የኋላ እግሬ ላይ መቀመጤንም ሸፍኖልኛል። ያለ ፊን ማረፊያ የለም፤ ለማረፍም ቢሆን ጥቂት ወደ አንዱ ጠርዝ ማጋደልና ክብደትን በሁለቱ እግሮች መካከል ማድረግ ግድ ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ በዚያው ቀን አራት ዙር ሳልወድቅ ጨረስኩ።

ጠርዙ መያዙን የማውቅበት ምልክትም ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ እሱም ከኋላ እግሬ ሥር የሚወጣው ውኃ ነው። ጠርዙ ሲይዝ ውኃው ቀጭን፣ ረዥምና የሰላ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ድምፁም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ይመስላል፤ ሲንሸራተት ግን ሰፍቶ አረፋ ይሆንና ድምፁ ይሻክራል። ወደ ታች ማየት ራሱ ወገብን ስለሚያጥፍ፣ አሁን አሁን ዓይኔን ወደምሄድበት አድርጌ በጆሮዬ ብቻ እከታተለዋለሁ።

የጣት ጠርዝ ሌላ ዓለም ነው። ወደ ቀኝ ስቆርጥ ጀርባዬ ወደ ጀልባው ስለሚዞር ገመዱ የሚስበኝ ከኋላዬ ነው፤ እጀታው ከዳሌዬ አንድ ስንዝር ከራቀ ትከሻዬን ጠምዝዞ ቦርዱን ያስተኛዋል። የረዳኝ ነገር የኋላ እጄን መልቀቅ ነው፤ በፊተኛው እጅ ብቻ ሲያዝ እጀታው ዳሌ ላይ መቆየት ይቀለዋል፣ ደረትም ወደ መሄጃው ይከፈታል። ቅልጥምን ቦርዱ ላይ በታሰረው ጫማ ፊት ላይ መጫንም አለ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ተረከዜን ከጫማው ወለል እያነሣሁ ስለነበር ማሰሪያውን ማጥበቅ ነበረብኝ።

ወደ ጀልባ የተመለስኩት በአሥረኛው ቀን፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በ15 ሜትር ገመድ፣ አሁንም የመሐል ፊን ሳይኖር ነው። ሌላ የተሸፈነ ስሕተት ወጣ። ከሞገዱ ርቄ ስነሣ በኃይል እቆርጥና፣ ሞገዱ ሥር ስደርስ ፈርቼ ቦርዱን አስተኛዋለሁ። ፊን ሲኖር ቦርዱ በያዘው አቅጣጫ ስለሚቀጥል ትንሽ ዘልዬ አርፍ ነበር፤ ፊን ሲጠፋ ግን ሞገዱን ስወጣ ጅራቱ ሸሽቶ በጎኔ ጣለኝ። መሆን ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዝግታ ተጀምሮ ማጋደሉ እየጨመረ ሄዶ፣ የሞገዱ ጫፍ ላይ እስኪደረስ ሳይላላ መቆየት አለበት። ፍርሃቱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ስለዚህ ፊን ይታሰር ወይስ ይፈታ ለሚለው የእኔ መልስ እንደ ቦታው ይለያያል። በኬብል አላስርም። በጀልባ ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን አጭር ፊን መልሼ አስሬያለሁ፤ ከዝላይ በኋላ ቦርዱ ተኝቶ ሲያርፍ ጅራቱን ይይዝልኛል፣ በዚያውም ስሳሳት ስሕተቴ እንዲሰማኝ ያደርጋል። ገና ከውኃ መነሣት የሚማር ሰው ፊን ይፍታ የሚለውን ምክር ግን አልቀበለውም፤ ያ ሰው ገና ያልያዘውን ጠርዝ ሊፈትን አይችልም፣ ትርፉ ድካም ነው። ሞገዱን ያለ ችግር መሻገር ከቻለ በኋላ አንድ ቀን ፈትቶ መሞከር ይበቃዋል። ሲያስር ደግሞ ብሎኑ ከፊኑ ጋር የመጣው ራሱ ይሁን፤ የረዘመ ብሎን የቦርዱን ውስጥ ይጎዳል። እኔ በአንድ ቀን መካከል ብሎኔ ላልቶ ፊኔ ሲንቀጠቀጥ ያገኘሁት ስለሆነ በየዕረፍቱ በጣቴ እነካካዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን በጣት ጠርዝ ከቆረጥኳቸው አሥር ጊዜያት ሰባቱ ሳይንሸራተቱ ተጠናቅቀዋል። ሦስቱ የተበላሹት እግሬ ከደከመ በኋላ ባሉት ዙሮች ነው፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር እጀታውን ለቅቄ ወደ ጀልባው ወጣሁ።